አንድ ጥያቄ ለአራት ሱቅ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ የአምስት ወር የቤት ኪራይ፣ አንድ ሙክት፣ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለምና የሸሪኬ የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ነው። ኩርፊያው በነጻ ነው የመጣው፤ ቢሆንም ወጪ ወጪ ነውና አብሮ ይመዝገብልኝ።

የምነግደው የቤት መሥሪያ ዕቃ ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ የበር ማጠፊያ፤ ሰው ጎጆ ሲወጣ የሚያስፈልገው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ፣ ከሚስቱ በቀር። የተማርኩት አምቦ መናኸሪያ ነው። መምህሮቼ ደላሎች ነበሩ፤ ፈተናው በየቀኑ ነው፤ የወደቀ ጦሙን ያድራል። በ2006 ዓ.ም. አንዲት ባለ አንድ በር ሱቅ አምቦ ላይ ከፈትኩ። ዛሬ አራት ሆነዋል፦ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ጌዶ።

ሸሪኬ የጉደር ሰው ናቸው። «ኦቦ» እላቸዋለሁ። በኦሮምኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው፤ በእኔ አፍ ግን ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። የጭነት መኪናው የእሳቸው ነው፤ የጉደሩንም ሱቅ የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ አይጠጡም፣ አይምሉም። የማይምል ሰው ሲጠራጠርህ ከባድ ነው፤ ምለህ ልታስረሳው አትችልም።

የጌዶውን ሱቅ የምትይዘው ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሱቅ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ስለሆነ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የጌዶው ሱቅ አከራይ መልእክት ላኩብን። «ወይ የሁለት ዓመት ውል ፈርሙ፣ ወይ ልቀቁ፤ ከዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መልሳችሁን እፈልጋለሁ» ይላል።

«አራት ሱቅ ለአንዲት መኪና በዝቷል» አሉ ኦቦ። «ያነሰ የሸጠው ይዘጋ። እኔ አድልዎ አላውቅም። ጉደርም ቢሆን ይዘጋ።»

ጉደር እንደማይዘጋ ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ።

ኦቦ ያለ ነገር አልተነሡም። በየወሩ እያንዳንዱ ሱቅ የሽያጭ ወረቀቱን ከማሽኑ አትሞ ይልካል። የጌዶው ባዶ ነው የሚመጣው። ርዕስ አለው፣ መስመር አለው፣ ከመስመሩ ሥር ዜሮ አለ። እህቴ ግን በስልክ «ሸጫለሁ፣ ቆርቆሮ ላክልኝ» ትላለች። ብሩን አይታችሁ አትለዩም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንለይም። አራቱም ሱቆች የሚያስገቡት አንድ ሒሳብ ውስጥ ነው። ጌዶ ያለው ባንክ «ኔትወርክ የለም» ሲላት ደግሞ እህቴ ብሩን ለመኪናው ሾፌር ትሰጠዋለች፤ እሱ ጉደር ሲደርስ ያስገባዋል፤ ደረሰኙም የጉደር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጉደር ከሸጠችው በላይ ሀብታም ትመስላለች።

«ወረቀቷ ባዶ፣ አፏ ሙሉ» ይሉ ነበር ኦቦ ስለ እህቴ።

እንግዲህ ወደ ማሽኖቹ ልምጣ። አራቱን ሱቆች በአንድ ቀን አልከፈትናቸውም፤ ማሽኖቹንም በአንድ ቀን አልገዛናቸውም። የአምቦውን ፕሮግራም አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ከረባት ካሰረ ሰው ነው የገዛሁት። የጉደሩን የሠራው ባለሙያ ሳይጨርስ ዓረብ አገር ሄደ። የጊንጪውን ሱቅ ከነመደርደሪያው፣ ከነማሽኑ፣ ከነድመቱ ነው የተረከብነው። የጌዶዋ ደግሞ ስልክ የሚጠግን ሰው አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ላይ የጫነላት ናት፤ ሱቁን በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ትይዛለች። አራቱም የሚመዘግቡት አንድ ነገር ነው፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ መቼ። ሲጠየቁ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም።

ባለ ከረባቱ ጋ ደወልኩ። «ሁሉንም ጥለህ በእኔ አዲስ ፕሮግራም ተካቸው፤ ሱቆቹ ለአንድ ወር ይዘጋሉ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ሌላ ስልክ ቁጥር የሰጠኝ መስሎኝ ልጽፈው ነበር።

ከግቢዬ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የኮሌጅ መምህርት አለች። ኮምፒውተር ነው የምታስተምረው። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ይህን ጣጣ በር ላይ ቆሜ ሳማርር ሰማችኝ።

«አያፍርሱት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሱቆቹ በየቋንቋቸው ይኑሩ። እኔ ልጠይቅልዎት።»

«ስንት ትጠይቂኛለሽ?»

«ኪራይ አልከፍልም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

«እስኪያልቅ የሚባል ወር አላውቅም።»

«እኔም ነገ ያልቃል የሚባል ኮምፒውተር አላውቅም።»

ተከራክረን በአምስት ወር ተስማማን። ተደራዳሪ ተከራይ ማስገባት እንደማይገባኝ ያን ቀን ገባኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለየማሽኑ በየቋንቋው ስትጽፍ ሰነበተች። የአምቦውንና የጊንጪውን እዚሁ ሆና በኢንተርኔት ታገኛቸዋለች፤ የጉደሩንም እንዲሁ። የጌዶን ፋይል ቅጂ ሾፌሩ በፍላሽ ያመጣላታል።

«ቋንቋው በስም አንድ ነው፤ ዘዬው ነው የሚለያየው» አለችኝ። «ለአምቦው 'ከላይ ያሉትን አሥር' ብዬ ነው የምጀምርለት። ለጉደሩ ሁሉንም ተናግሬ ስጨርስ 'በአሥር ገድበው' እላለሁ። የአምቦው የዕቃውን ስም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ካላሰርኩለት አይሰማም፤ የጉደሩ በተንጋደደች ጭረት ይፈልጋል፤ የጊንጪው በትምህርተ ጥቅስ።»

«ሁሉም ምስማር ነው የሚሸጡት አይደል?»

«ምስማሩ አንድ ነው፣ ጋሼ። አጠራሩ ነው አራት።»

ይህ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ኦቦ ግን ጥያቄ መቀያየር ይወዳሉ። ሰኞ «ቆርቆሮ ብቻ አውጪልኝ» አሏት። ማክሰኞ «ምስማሩንም ጨምሪበት»። ረቡዕ «ምስማሩን ተዪው፣ ይልቅ ሲሚንቶውን»። ለእሳቸው አንድ ቃል ናት፤ ለእሷ አራት ጽሑፍ። ሐሙስ ላይ ቲቸር ዓይኗ ቀልቶ ሱቅ ድረስ መጣች።

«ኦቦ፣ እርስዎ አንዴ በጠየቁ ቁጥር እኔ አራት ነው የምወልደው።»

«ልጆቹ ይባረኩ» አሉ ኦቦ።

አርብ ዕለት ግን ፊቷ በርቶ መጣች። አንድ መሣሪያ አግኝታለች። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራ ነው። እንደምንም አስረዳችኝ፤ እኔም እንደምንም ገባኝ።

«ዳታፍሬም ይሉታል፤ ረድፍና አምድ ያለው ሰንጠረዥ በሉት። እኔ የማዘው ሰንጠረዡን ብቻ ነው፦ ይህን አጣራ፣ በየወሩ ሰብስብ፣ ደምር። መሣሪያው ያንኑ አንድ ትእዛዝ ለአምቦው በአምቦው ዘዬ፣ ለጉደሩ በጉደሩ ዘዬ ጽፎ ያደርስልኛል። የሚደምሩት እነሱው እዚያው ናቸው። ወደ እኔ የሚመጣው መልሱ ነው። አራቱን መልስ እኔ እዚህ አንድ ላይ አስቀምጣለሁ።»

«ዕቃው ከመጋዘን አይወጣም በይኛ።»

«አይወጣም። ቆጥረው ቁጥሩን ነው የሚልኩት።»

ወደድኩት። ዕቃ ለመቁጠር ሲላክ ዕቃውን ሁሉ ጭኖ ያመጣልኝ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ዘመዴ ነበር።

«ደግሞ ሰነፍ ነው» አለች እየሳቀች። «ሲያዙት ወዲያው አይነሣም። የመጀመሪያውን ይሰማል፣ ሁለተኛውን ይሰማል፣ ዝም ይላል። በመጨረሻ 'በል አሁን መልሱን አምጣ' ሲሉት ነው የሚንቀሳቀሰው።»

ይህን ሰነፍ የሚለው ደሞዝተኛ ነው። እኛ ጎበዝ ደላላ እንለዋለን። መጥፎ ደላላ «በሬ» ስትለው ይሮጣል፤ «ጥቁር» ብለህ ትጠራዋለህ፣ ይመለስና እንደገና ይሮጣል፤ «ቀንዱ ያልተሰበረ» ስትለው ሦስተኛ ይሮጣል፤ ማታ ላይ የሦስት መንገድ ይጠይቅሃል። ጎበዙ እጁን አጣምሮ እስከ መጨረሻው ይሰማህና አንዴ ነው የሚሄደው። እኔም በወጣትነቴ መናኸሪያው ላይ ሥራዬ ይኸው ነበር። ገዢው በአማርኛ፣ ሻጩ በኦሮምኛ፤ እኔ መካከል። ሁለቱም «ይህ ሰው የእኔ ነው» ብለው ያስቡ ነበር። ያ ነው ሙያው።

«ሁሉን ይችላል?» አልኳት።

«አይችልም። የማይችለውን ግን 'ይህን ለጌዶዋ አላውቅበትም' ብሎ ይናገራል።»

«ከኦቦ ሾፌር ይሻላል።»

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ አከራዩ ከሰጡን ሁለት ሳምንት አንዱ ሲያልቅ፣ ሦስታችን ሱቄ ጓዳ ተሰበሰብን። ጥያቄዋ አንድ ናት፦ ካለፈው ዓመት መስከረም ወዲህ እያንዳንዱ ሱቅ በየወሩ ስንት ሸጠ? ቲቸር አንዴ ጻፈች፤ ለአራቱም ላከች። አምቦ መለሰ። ጉደር መለሰ። ጊንጪም፣ ያ የድመት ቤት፣ መለሰ።

ጌዶ ባዶ። ዜሮ እንኳ የለም። ቦታው ብቻ።

«እንግዲህ ማሽኑም መሰከረ» አሉ ኦቦ። በደስታ አልነበረም ያሉት፤ ይህን ልመስክርላቸው። ያቺን ሴት እሳቸውም ይወዷታል።

እኔ የማስበው ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር። እህቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ በባሏ ለቅሶ ላይ እንኳ ወንበር ስትቆጥር ነበር። ሱቁን ስነጥቃት ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

«አንዴ ቆዩ» አለች ቲቸር። «ቀኑን ላንሣና ዝም ብዬ ያለውን ሁሉ ልጠይቃት።»

ቀኑን አነሣች። ጌዶ አፏን ከፈተች፤ መውጫው እስኪጠፋን ድረስ ሽያጭ በሽያጭ ላይ ተዘረገፈ። ኦቦ መነጽራቸውን አወጡ።

«ይኸው 2015 ይላል። አምና ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ቅድም ምነው ዝም አለች?»

«ለእኛ አምና ነው፣ ኦቦ። ለማሽኑ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ነው።»

ነገሩ ለሦስታችንም አንድ ላይ ገባን። ሦስቱ ሱቆች ቀኑን ማሽኑ ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚይዝላቸው። የጌዶዋ ፕሮግራም ግን ቀኑን በእጅ አስገቡ ትላለች፤ እህቴም የምታውቀውን ቀን አስገባች። ጥያቄው በፈረንጅ ዘመን ሄደ፤ ጌዶ ዘንድ ደግሞ በዚያ ዘመን የተሸጠ ነገር የለም። ማሽኗ የወሩን ወረቀት የምታወጣውም በፈረንጅ ወር ነውና፣ በየወሩ ይላክልን የነበረው ባዶ ወረቀት ምሥጢሩ ይኸው ነበር። አስተርጓሚው ቃሉን አላጎደለም። ቃል ይተረጉማል እንጂ ዘመን አይተረጉምም።

የምኖርባት ከተማ ራሷ ሁለት ስም አላት፤ በድሮ ወረቀት ሀገረ ሕይወት ናት፣ በሰው አፍ አምቦ። ሁለት አቆጣጠር ሊያስደንቀኝ አይገባም ነበር። አስደነቀኝ።

ቲቸር ለጌዶ ብቻ የሚሆን ቀን መለወጫ ጨመረች፤ ስምንት መደመር ብቻ አይበቃም፣ ወሩም ቀኑም ይዞራል አለች። ጥያቄውን አልነካችውም፤ ያችኑ አንድ ጥያቄ መልሳ ላከች። ጌዶ ከአራቱ ሁለተኛ ወጣች፤ የመጨረሻዋ ማን እንደሆነች ያን ዕለት ልብ ያለ የለም።

እፎይ አልኩ። በጣም ፈጠንኩ።

ኦቦ ነጋዴ ናቸው፤ ድምር አይበቃቸውም። «በየቀኑ አሳዪኝ» አሏት። አሳየቻቸው። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ።

«መስከረም አንድ። አርባ ባልዲ ቀለም።»

ጣታቸውን ሳያነሡ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቁጣጣሽ ዕለት ሱቅ ዝግ ነው» አሉ።

«ዝግ ነው» አልኩ።

«እህትህ ያን ዕለት ከነልጆቿ አንተ ቤት ዶሮ ስትበላ ነበር። እኔም ተጠርቼ ነበርኩ። አጠገቤ ነው የተቀመጠችው። ቀለም ስትሸጥ አላየሁም።»

ኅዳር አንድም ላይ እንደዚያው ያበጠ ቀን ተገኘ። አምናም ዘንድሮም።

«ሱቁ እንዳይዘጋባት ሞልታዋለች» አሉ ኦቦ። «ያልተሸጠ ሽያጭ ነው። ወንድሜ፣ ይህ ከባዶ ወረቀት ይብሳል። ባዶው ድህነት ነው፤ ይህኛው ግን ውሸት ነው።»

ቲቸርን አየኋት። «መሣሪያው ያለውን ነው የሚያመጣው፣ ጋሼ። ለምን እንዳለ አያውቅም» አለች።

ኦቦ እዚያው እንድንወስን ፈለጉ። እኔ ሄጄ ሳልጠይቃት አልወስንም አልኩ። «በስልክ ጠይቃት» አሉ። ለመሆኑ «ዋሽተሻል ወይ?» ተብላ በስልክ የምትጠየቅ እህት ማን አለው? ኦቦ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ኩርፊያው ከዚያ ይቆጠራል።

በሚቀጥለው አርብ፣ የአከራዩ ቀን ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኦቦ መኪና ሲሚንቶ ጭነን ወደ ጌዶ ወጣን። እሳቸው ራሳቸው ነዱ። ቲቸር መካከላችን ተቀመጠች። ጉደርን እስክናልፍ አንድ ቃል አልወጣም። ከዚያ ኦቦ ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ መስኮቱን ይዝጋ፣ አቧራ ይገባል።»

«ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉ ይላሉ።»

«ለኦቦ ንገሪያቸው፣ መዝጊያው ተሰብሯል። መኪናው የእሳቸው ነው።»

«መዝጊያው ተሰብሯል ይላሉ፣ ኦቦ።»

ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ ይዘን ጌዶ ገባን።

እህቴ ምስማር እየመዘነች ነበር። ሦስታችንን አንድ ላይ ስታይ እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ።

«ምነው? ለቅሶ ነው?»

«የለም፣ ደህና ነን» አልኩ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ?»

ገዢውን ሸኘችና ፊት ለፊታችን ቆመች። እኔ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አፌን ስከፍት ኦቦ ቀደሙኝ።

«እንቁጣጣሽ ዕለት ለማን ነው ቀለም የሸጥሽው?»

«ለማንም! እናንተ ዘንድ አልነበርኩም እንዴ? ያውም አጠገቤ ተቀምጠው፣ ፈረሰኛውን ያነሡት እርስዎ አይደሉም?»

«ማሽንሽ ግን አርባ ባልዲ ሸጣለች ይላል።»

«እሱማ የጳጉሜ ነዋ!»

«የምን ጳጉሜ?» አልኩ።

«ወንድምጋሼ፣ ነጋዴ አይደለህም? ሰው ቤቱን ቀለም የሚቀባው መቼ ነው? ዘመን መለወጫ ሲደርስ አይደል? አምና ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ስድስቱንም ቀን፣ ሩፋኤል ዕለት እንኳ ያ ዝናብ እየወረደ፣ ሳልቀመጥ ሸጥኩ። ልመዘግብ ስል ይህ ማሽንህ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ በቀይ ይጽፍብኛል። ምን ላድርግ? ጳጉሜን ልሰርዛት? አጠራቀምኩና መስከረም አንድ ላይ አስገባኋት።»

ኦቦ ወደ ቲቸር ዞሩ። ቲቸር ግን ወደ እህቴ ጠጋ ብላለች።

«ኅዳር አንድስ፣ እትዬ?»

«እሱ የጥቅምት ሠላሳ ነው። ጥቅምት ሠላሳንም አይወድም። አምና ሃያ ዘጠኝንም አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝን ተቀበለ፣ ሠላሳን መለሰ። ጠባዩ ይለዋወጣል።»

ቲቸር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሎ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«ምን ተገኘ?» አሉ ኦቦ።

«ኦቦ፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ናት አይደል? የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ናት። በየአራት ዓመቱ ሃያ ዘጠኝ ትሆናለች። በእነሱ 2015 ሃያ ስምንት ነበረች፤ በ2016 ሃያ ዘጠኝ ሆነች። ለዚህ ነው አምና ሁለት ቀን የመለሰባት፣ ዘንድሮ አንድ። ማሽኑ ጥቅምትን የሚያያት እንደዚያች ወር ነው።»

ኦቦ ላፕቶፑን አዩ፣ እህቴን አዩ።

«ይህን አውቃ ልታስመስለው አትችልም?»

«ለማስመሰል የፈረንጁን አቆጣጠር ልቅም አድርጋ ማወቅ ነበረባት። እሱን ብታውቅ ደግሞ መጀመሪያውኑ በእሱ ትመዘግብ ነበር።»

«ስልክ ጠጋኙ 'ቀን አስገቢ' ነው ያለኝ» አለች እህቴ። «የማን ቀን አላለኝም። ቀን ቀን ነው።»

ኦቦ በቃል ብቻ አይረኩም። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠው በአንድ ጣታቸው ሠላሳ፣ ሁለት፣ 2016 ብለው መቱ። ቀይ ወጣ። ደገሙት። ቀይ።

«ላኪ ይለኛል» አሉ። ላኪ በኦሮምኛ እምቢ ነው።

ቀጥለው ሦስት፣ አሥራ ሦስት መቱ፤ ጳጉሜ ሦስት ማለት ነው። ቀይ።

«ይህ ማሽን ሩፋኤልንም አያውቅም» አሉ።

«እርስዎስ ያውቁታል?» አለች እህቴ።

ኦቦ ጴንጤ ናቸው ብያለሁ። መጀመሪያ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ከዚያ ሆዳቸው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሳቃቸው ወጣ። የሳምንቱ ኩርፊያ እዚያች ሱቅ ውስጥ አለቀ። ሲስቁ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ፤ በቀጥታ፣ ያለ አስተርጓሚ።

እህቴ ግን አልሳቀችም። ከአንዱ ወደ ሌላው አየችን።

«ልትዘጉብኝ ነበር የመጣችሁት?»

«ልንጠይቅሽ ነው» አልኩ።

«ሦስት ሰው ለአንድ ጥያቄ?»

ኦቦ ተነሥተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ወረቀትሽ ባዶ፣ አፍሽ ሙሉ ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ነው ለካ አማርኛ የማይችለው። ይቅር በይኝ።»

እህቴ መልሳ ሚዛኗን ያዘች። ጥቂት ምስማር ጨመረች፣ ጥቂት ቀነሰች፤ የምትመዝንለት ገዢ እንኳ አልነበረም።

«ይቅርታው አንድ ሙክት ነው» አለች። «ወንድምጋሼ ይገዛል፤ እሱ ነው ይዟችሁ የመጣው። ለሱቄ በር ደግሞ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለም እፈልጋለሁ። ከአምቦ ሱቅ ይምጣ፤ ከእኔ መደርደሪያ አይነሣም።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሙክቱን እሷው መርጣ እኔ ከፈልኩ። ከገበያው መልስ ከአከራዩ ጋር የሁለት ዓመቱን ውል ፈረምን። ቀለሙ ከአምቦ በአውቶቡስ መጣ፤ ልጆቿ በሩን ሲቀቡ ኦቦ መሰላሉን ያዙላቸው። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አወጣሁ። ለሁለት ሳምንት ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነበር።

የጌዶ ብር በሾፌሩ እጅ ጉደር ይገባ የነበረው ተለይቶ ሲወጣ ከአራቱ የመጨረሻ የሆነችው ጉደር ናት። ቲቸር ይህን ስታሳየን ኦቦ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መኪናዋ እኮ አራት ሱቅ ትችላለች» አሉ።

እኔም ትችላለች አልኩ። ሸሪክ እንዲህ ነው የሚያዘው።

እህቴን በፈረንጅ ቀን መዝግቢ አላልናትም። ዛሬም ቀኑን በራሷ አቆጣጠር ትጽፋለች፤ ማዞር የመሣሪያው ፋንታ ነው። ጳጉሜ ስትደርስና ጥቅምት ስታልቅ ከሽያጩ አጠገብ ባለው አስተያየት መጻፊያ ላይ እውነተኛውን ቀን ታሰፍራለች፤ ቲቸር ከዚያ ታነበዋለች። ባለፈው ዓመት የጊንጪው ማሽን ተቃጥሎ ሌላ ፕሮግራም፣ ሌላ ዘዬ ያለው አስገባን። ባለ ከረባቱ ቢሆን ይህን ሲሰማ ቤት ይሠራበት ነበር። ቲቸር የጊንጪን መግቢያ አንድ መስመር ቀየረች፤ ጥያቄው እንደነበረ ሄደ፣ መልሱ እንደነበረ መጣ። በጭሱ የሸሸው ድመት ብቻ ነው ያልተመለሰው።

ኦቦ ዛሬም ሰኞ ቆርቆሮ፣ ማክሰኞ ምስማር ይላሉ። ቲቸር አንድ ቃል ትለውጥና ሻይዋን ሳትጨርስ መልሱን ታነብላቸዋለች። አምስቱ ወር አልቆ ኪራይ መክፈል ጀምራለች። ልጨምርባት አስቤ ነበር፤ ተውኩት፤ የምትደራደር ሴት ናት።

ሱቅ፣ አራት። የተዘጋ፣ የለም።